ቤቱ የመታ፣ ምሥጢሩ የዘገየ፤ ስለ ወላይታ ሶዶ ከተማነት

በቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቤቱ ደኅና አድርጎ እየመታ ምሥጢር የሌለው ቅኔ አለ። ቃሉ ከቃሉ ይገጥማል፣ ዜማው ይጣፍጣል፣ ሰሚውም ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገር ግን ተማሪው ወደ ጎጆው ሲመለስ በልቡ ይዞት የሚሄደው አንድም ነገር አያገኝም። የኔታም «ቤቱስ መቷል፤ ምሥጢሩ ወዴት አለ?» ብለው ይመልሱታል። እኔም ዛሬ በዚህ ገጽ ልመረምረው ያሰብሁት ሥራ በብራና የተጻፈ ሳይሆን በድንጋይና በሲሚንቶ፣ በቆርቆሮና በመስተዋት የቆመ ነው፤ ይኸውም የወላይታ ሶዶ ከተማ ነው። ከተማም እንደ መጽሐፍ የብዙ ሰው አሳብና እጅ ያለበት ሥራ ስለ ሆነ፣ አንባቢው በእግሩ እየሄደ ያነበዋልና በሒስ ቢመረመር ነውር የለበትም።

ነገሩን ያስነሣብኝ ምክንያት አለ። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተብሎ አዲስ ክልል ሲቋቋም፣ አርባ ምንጭና ዲላን የመሳሰሉት ከተሞች የመንግሥቱን ሥራ ድርሻ ድርሻቸውን ተካፍለው፣ የአስተዳደሩ መቀመጫ ወላይታ ሶዶ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ከተማ የሚጻፈው ጽሑፍ፣ ግጥሙም ዘገባውም፣ ባንድ ቅርጽ ወጣ። ጸሐፊው ፎቅ ይቈጥራል፤ አስፋልት ይለካል፤ መብራት ይደምራል፤ ከዚያም «ሶዶ ታላቅ ከተማ ሆነች» ብሎ ይጨርሳል። ይህስ አንድን መጽሐፍ ስለ ወረቀቱ ውፍረትና ስለ ድጕሱ ማማር ብቻ እንደ ማመስገን ነው። ድጕሱ ማማሩን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ውስጡን ያላነበበ ሰው መጽሐፉን አመሰገነ አይባልም።

እስቲ ከቃሉ እንነሣ። ከተማ የሚለው ቃል ዛሬ የምንሰጠውን ትርጓሜ ከማግኘቱ አስቀድሞ የንጉሥና የጦር ሰፈር ማለት ነበረ። «ከተመ» ማለት ድንኳን ተክሎ ሰፈረ ማለት ነውና፣ ነገሥታቱ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወሩ ከተማቸውም አብሮ ይዘዋወር ነበረ፤ የማገዶው እንጨት ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣ ነበረ። አዲስ አበባ ራስዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ እንጨት አልቆባት ልትለቀቅ ደርሳ ሳለ ባሕር ዛፍ ተተክሎ እንዳዳናት ይታወቃል። ሶዶም ብትሆን በ1887 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ካዎ ጦና ተሸንፈው ወላይታ ከምኒልክ መንግሥት በታች ከሆነ በኋላ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የአስተዳደር ሰፈር ሆና ያደገች ናት። እንግዲህ ከተማ የምንለው ነገር በአገራችን በብዙው ስፍራ የተጀመረው ለመጠበቅና ለመግዛት እንጂ ለመገናኘት አልነበረም። ከሶዶ ክፍላተ ከተማ መካከል አራዳና መርካቶ የሚባሉ አሉ። አራዳ በአዲስ አበባ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረ የገበያ ስም ነው፤ ኋላም የብልጥ ሰው መጠሪያ ሆነ። መርካቶም በወረራው ዘመን ከኢጣልያ ቋንቋ የቀረ ቃል ነው። ስሞቹ ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ በቀላሉ ደርሰዋል፤ ስም ጭነት የለውምና። ስሙን ያስገኘው ነገር አብሮ መምጣቱን ግን መመርመር ይገባል።

ብዙ ሰዎች ከተማን ከተማ የሚያደርገው የሕዝብ ብዛት ነው ይላሉ። ይህ አሳብ ሐሰት መሆኑን ለማሳየት ከወላይታ የተሻለ አገር አይገኝም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የወላይታ ዞን ሕዝብ 1,501,112 ሆኖ ተገኘ፤ ባንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይም 357 ያህል ሰው ይኖር ነበረ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 12 እንኳ አይሞላም ነበረ። ከሶዶ ተነሥቶ ወደ አረካ ወይም ወደ ቦዲቲ የሄደ መንገደኛ ነገሩን በዓይኑ ያየዋል፤ ቤት ከቤት ብዙ ሳይራራቅ፣ እንሰቱ ከእንሰቱ ጋራ ተያይዞ፣ ሕፃናቱ በየደጁ ቆመው፣ ሰው የሌለበት አንድ ጋሻ መሬት ሳያይ ይጓዛል። በሌላው አገር ይህን ያህል ሰው ባንድነት ቢገኝ ከተማ ይባል ነበረ። በወላይታ ግን ገጠር ነው፤ መልካምና ልምላሜ ያለው ገጠር ነው። ስለ ምን ከተማ አልሆነም ቢሉ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚሠራው ሥራ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ነው። ይህም ቤት እንሰት አለው፤ ያም ቤት እንሰት አለው፤ ይህም ጎደሬና ስኳር ድንች ይተክላል፣ ያም ይተክላል። ጎረቤት ለጎረቤቱ በደቦና በለቅሶ እጅግ ያስፈልገዋል፤ በየዕለቱ የሚገዛውና የሚሸጥለት ግን ብዙ ነገር የለም። ደግሞም ሁሉ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ አባቱም አያቱም ይታወቃል።

አርስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ከተማ በሚመሳሰሉ ሰዎች ብቻ ሊቆም እንደማይችል፣ ልዩ ልዩ ከሆኑ ሰዎች መገናኘት እንደሚገኝ ካስረዳ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛም ለዚህ ምስክር ፍለጋ ወደ አቴና መሄድ አያስፈልገንም። የአዲስ አበባን መርካቶ ያለ ጉራጌ ነጋዴ፣ ሽሮ ሜዳንም ያለ ጋሞ ሸማኔ ማሰብ የሚችል ማን ነው? ከእነዚህም ጋራ የወላይታውን ልጅ መጨመር ይገባል። ማለዳ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ሣጥኑን አስቀምጦ ብሩሹን እያንኳኳ የሚጠራው ሊስትሮ፣ ሎተሪውን በእጁ ይዞ ከመኪና ወደ መኪና የሚሮጠው ልጅ ብዙ ጊዜ ከወላይታ የመጣ ነው። በዚያች ትንሽ ሣጥን ላይ የዳኛው ጫማም የተማሪው ጫማም በየተራ ይወጣል። ዳኛውና ተማሪው ባንድ ማዕድ አይቀመጡም፤ በሊስትሮው ዘንድ ግን ጎን ለጎን ሆነው ተራ ይጠብቃሉ፤ ጋዜጣ ይለዋወጣሉ፤ ስለ ዝናቡ ይነጋገራሉ። የታላቅ ከተማ ጠባይ እንዲህ ያለው ነው። እንግዲህ ወላይታ ለአዲስ አበባ የሰጠችው ጕልበት ብቻ አይደለም፤ ከተማነትንም ጭምር ሰጥታታለች። የሚያሳዝነውና ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ያው ልጅ በገዛ አገሩ ከተማ ሣጥኑን የሚያኖርበት ማእዘን አጥቶ ወይም ገበያ አጥቶ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል።

ሶዶ ለመገናኛነት የተመቸች አይደለችም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንደ እርስዋ ያለ ስፍራ የተሰጠው ከተማ ጥቂት ነው። አንዱ መንገድ ወደ ሆሳዕና፣ አንዱ ወደ ሻሸመኔ፣ አንዱ ወደ አርባ ምንጭ፣ አንዱ ወደ ሳውላ፣ አንዱም ኦሞን ተሻግሮ ወደ ዳውሮ ተርጫ ይሄዳል። የአርባ ምንጭ ሙዝ የጫነው መኪና በሶዶ ያልፋል፤ የጎፋው ነጋዴ በሶዶ ያልፋል፤ የዳውሮው ተማሪ በሶዶ ያልፋል። ጕዳዩ ግን «ያልፋል» በሚለው ቃል ላይ ነው። መንገድ የሚያልፍበት ስፍራ ሁሉ ከተማ አይሆንም፤ እንዲህስ ቢሆን ድልድይ ሁሉ ከተማ በሆነ ነበር። ከተማ ከመንገደኛው ቀረጥ የሚወስድ ነው፤ ቀረጥ ስል ገንዘብ ማለቴ ሳይሆን ሰዓት ማለቴ ነው። መንገደኛው ለአንድ ሰዓት ሊቆም አስቦ ለግማሽ ቀን ከቆየ፣ ለግማሽ ቀንም አስቦ ካደረ፣ ከተማው ሥራውን ሠርቷል።

ከዚህ ወገን ሶዶ ያላትን ብናገር ካህናት አንባብያን ይቅር ይበሉኝ፣ ጾም ከሆነም ይህችን አንቀጽ ይዝለሏት፤ መንገደኛውን በእርግጥ የሚያስቆመው የሥጋ ቤቱ ነው። የወላይታ ሰንጋና በዳጣ የሚበላው ጥሬ ሥጋ ስሙ ከከተማው ስም ቀድሞ ይሄዳል። የፎቅ ቈጣሪዎቹ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ተራ ነገር ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከተማውን ከሚያስመሰግኑት ነገሮች ፊተኛው አድርጌ እይዘዋለሁ። ስለ ምን ቢሉ፣ ባንድ አግዳሚ ላይ ሹፌሩ፣ መምህሩ፣ ከብት ነጋዴውና የመሥሪያ ቤቱ ሹም ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸዋለሁና ነው። ማንም አልሰበሰባቸውም፤ ስብሰባ ነው ተብሎ ደብዳቤ አልተጻፈላቸውም። እያንዳንዱ በገዛ ጕዳዩ መጥቶ ሳያስበው ከሌላው ጋራ ተገናኘ። እንዲህ ያለ ስፍራ በብዛት ቢኖራት፣ ከሥጋው ሌላ በመጽሐፍ ቤቱም፣ በልብስ ሰፊውም፣ በሙዚቃውም፣ ያን ጊዜ ሶዶ ፎቋን መቍጠር ትተወው ነበረ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ተብሎ በፒያሳና በሌሎችም ሰፈሮች ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሶ መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ ተነጠፈ፣ መብራቱ በዛ። ይኸው ሥራ ወደ ክልል ከተሞች ደርሶ ሶዶንም አግኝቷታል። ሥራውን በጅምላ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። በክረምት ጭቃ ጫማውን ያልነከረ ሰው የተነጠፈ የእግር መንገድ ስጦታ መሆኑን አያውቅም፤ ሕፃን ያዘለች እናት ከመኪና ተጠብቃ የምትሄድበት መንገድ ማግኘቷ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቃሉን ልብ በሉት። ኮሪደር ማለት በቤት ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፍ መተላለፊያ ማለት ነው፤ በመተላለፊያም የሚኖር ሰው የለም። መተላለፊያ የሚያምረው በግራና በቀኙ በሮች ሲኖሩት፣ በሮቹም ሲከፈቱ ነው። በር የሌለው ሰፊ መንገድ ሰውን ፈጥኖ ከማሳለፍ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ሶዶ ደግሞ ማሳለፍ ዱሮም አልቸገራትም።

ጄን ጄከብስ የተባሉ አሜሪካዊት ጸሐፊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ስለ ታላላቅ ያሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት በጻፉት መጽሐፍ ካስተማሩት ነገር አንዱ፣ ከተማ አሮጌ ቤቶችን ከአዲሶቹ ጋራ ቀላቅሎ ማኖር ያስፈልገዋል የሚል ነው። ምክንያታቸውም የቅርስ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የሒሳብ ጕዳይ ነው። አዲስ ቤት ኪራዩ ውድ ነው፤ ሥራ የሚጀምር ድኻ ግን በውድ ኪራይ ሊጀምር አይችልም። ይህን በሶዶ ዓይን ብናየው፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው የጭቃ ቤት ውስጥ ሰዓት ጠጋኙ አለ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የስፌት መኪናዋን ወደ ደጅ አውጥታ የምትሰፋዋ ሴት አለች፤ ከእርስዋም ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው አለ። ቤቱ ሲፈርስ በስፍራው ስድስት ፎቅ ይሠራ ይሆናል። የመሬቱ ክፍል ግን ለባንክ ይከራያል፤ ባንክም አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በሩን ይዘጋል። ሦስት በር በነበረበት አንድ በር ሆነ፤ እርሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚዘጋ በር ነው። በምሽት መብራቱ በተነጠፈው መንገድ ላይ ያበራል፤ የሚያበራለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ባንዱ ጎዳና ስሄድ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ አልፎ አልፎ ስታልፍ፣ ዘበኛውም ካፖርቱን ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘሁት። ትንሽ አልፌ በስተ ውስጥ ካለው ጠባብ መንገድ ስደርስ ግን የተጠበሰ በቆሎ ሽታ፣ የሴቶች ሳቅና የቴሌቪዥን ኳስ ጫጫታ ተቀበለኝ። ያ ጠባብ መንገድ መብራቱ አንድ አምፖል ብቻ ነበረ። ከሁለቱ የትኛው ታላቅ ከተማ ይመስላል ብባል፣ መልሴን ለመስጠት ጊዜ አይፈጅብኝም ነበረ።

ከተማን በምመረምርበት ጊዜ ሌላም የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ እንግዳ ሰው ሲገባ ስንት ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል? በገጠር ይህ ጥያቄ የፍቅር ሰላምታ ነው፤ ያልተጠየቀም ሰው ያዝናል። በታላቅ ከተማ ግን የሚጠይቅ የለም። ካህናት አባቶች ይህን ብቸኝነት ነው ብለው ይሠጉበታል፤ ሥጋታቸውም እውነት አለው፤ የታመመ ሰው ጎረቤት ሳያውቅበት የሚሞተው በከተማ ነውና። ነገር ግን ሌላው ወገን ደግሞ አለ። በወላይታ ገጠር፣ እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩም፣ በጋብቻና በማዕድ ተለይተው ሲኖሩ የቆዩ ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች «የማን ልጅ ነህ?» ሰላምታ ሳይሆን ፍርድ ነው። ጀበናዋን በጥሩ ዋጋ ሸጣ፣ በዚያውም ገንዘብ ከማያውቃት ሰው ጋራ ባንድ ገበታ ሻይ ጠጥታ የምትመለስ ሴት፣ ያ ጥያቄ የማይጠየቅበትን ስፍራ ስታገኝ ከተማ ምን እንደ ሆነ ከማናችንም ይልቅ ታውቃለች። ሶዶ ለዚህች ሴት ከተማ ሆናላታለች ወይስ አልሆነችላትም? ለእኔ ከፎቁ ቍጥር ይልቅ የሚበልጠው መለኪያ ይህ ነው፤ መልሱም ገና የተደባለቀ ነው ብዬ እፈርዳለሁ፤ በገበያው ሆናላታለች፤ በሠርጉ ቤት ግን ገና ናት።

በመስከረም የጊፋታ በዓል ሲደርስ ሶዶ ትጨናነቃለች፤ ከአዲስ አበባም ከሌላውም አገር ልጆችዋ ይመለሳሉ፤ ዘፈኑና ጭፈራው መንገዱን ይሞላዋል። ይህን አይቶ «እነሆ ከተማ!» የሚል ሰው ግን በዓልን ከዘወትር አላለየም። በዓል ከተማን ይሞላል፤ ከተማ ግን አያደርግም፤ የገጠሩም ሜዳ በበዓል ይሞላልና። የኳሱም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የካይሮውን ዛማሌክን በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ፣ የአንዲት ትንሽ ከተማ ስም ከብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ከተማ ስም ጋራ ባንድ ዐረፍተ ነገር ተጠራ። በዚያ ቀን ሶዶ አንድ ፎቅ ሳይጨመርባት ታላቅ ሆነች። ነገር ግን በአገር ቤት የተደረገው ጨዋታ የተደረገው በሐዋሳ ሜዳ ነበረ። ደስታውን የሶዶ ሰው ያዘ፤ የእንግዶቹን አልጋና ራት ግን ሐዋሳ ሸጠች።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ ማዕዘን ሁሉ እንግዳ ወጣት ያመጣል፤ ለከተማ ከዚህ የበለጠ በረከት ምን አለ? ተማሪው ግን እንደ አገራችን ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ግቢው በአጥር ውስጥ ነው፤ አልጋውም ምግቡም በውስጥ ነው፤ ከተማውን የሚያውቀው በቅዳሜ ነው። አዲሶቹም የክልል መሥሪያ ቤቶች ብዙ ሹማምንት አምጥተዋል። ሹም ቤተ ሰቡን ይዞ መጥቶ ልጁን በሶዶ ትምህርት ቤት ካስገባ የከተማው ሰው ሆነ፤ ብቻውን መጥቶ አርብ ማታ ሻንጣውን የሚያነሣ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ጥንቱ «ከተመ» ተመለሰ፤ ድንኳኑ ከሸራ ወደ ሲሚንቶ ተለወጠ እንጂ ሰፈሩ ያው ሰፈር ነው።

ስለዚህ ለወጣት ጸሐፊዎች አንድ ልመና አለኝ። ስለ ሶዶ ግጥም የምትጽፉ ሆይ፣ ዳሞታን ተዉት፤ ዳሞታ ደመናውን ለብሶ ያለ እናንተም ያምራል። ከሊስትሮው ልጅ አንዱን ይዛችሁ ጻፉ። በአዲስ አበባ ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ የስንት ሰው ጫማ እንዳበራ፣ የትኛውን ጋዜጣ በሣጥኑ ላይ ሆኖ ፊደል እንደ ቈጠረበት ጻፉ። ለጊፋታም ሲመለስ ከአባቱ እንሰት ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ታናሽ ወንድሙ «በሶዶ መቅረት አይሻልህምን?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልስለትን መልስ ጻፉ። እኔ መልሱን አልጽፍላችሁም፤ በዓሉ ባለፈ ማግስት በንጋት ወደ መናኸሪያው ወርዳችሁ ብትሰሙት ይሻላል። የሳውላው አውቶቡስ ገና ባዶውን ቆሟል፤ የተርጫውም እንደዚሁ ነው። በሰው ሞልቶ ሞተሩን ያስነሣው ግን የወዲያኛው ነው፤ ሣጥንና ጥቅል በላዩ ተጭኗል፤ ረዳቱም በበሩ ተንጠልጥሎ «አዲስ! አዲስ! አዲስ!» እያለ ይጣራል።